መስኮቱ ሳይዘጋ፣ ሕመምተኛው ሳይበርደው፦ ሆስፒታል የተኛን ሰው ከሳንባ ኢንፌክሽን ለመጠበቅ የአስታማሚዎች መመሪያ

በደብረ ብርሃን በተኝቶ ሕክምና ክፍል በነርስነት ስሠራ ከአስታማሚዎች የሚቀርብልኝ ጥያቄ በየጊዜው ያው ነው፦ «አባታችን የገቡት በስብራት ነው፤ ሳል የጀመራቸው ግን እዚህ ከተኙ በኋላ ነው፤ ምን ብናደርግ ነው ከዚህ የምንጠብቃቸው?» ከመንዝ የመጣውም፣ ከመርሐቤቴ የመጣውም፣ ከይፋት ቆላ የወጣውም የሚጠይቀኝ ይህንኑ በመሆኑ መልሱን በቅደም ተከተል ጽፌዋለሁ። መመሪያው የሐኪሙንና የነርሷን ሥራ አይተካም። ይሁን እንጂ ቀንም ሌሊትም ከአልጋው ሥር የማይጠፉት እርስዎ ስለሆኑ፣ ከዚህ በታች ካሉት ጥንቃቄዎች አብዛኛዎቹ የሚፈጸሙት በእርስዎ እጅ ነው።

በሽታው በየት በኩል ይገባል?

ኢንፌክሽን ወደ ሕመምተኛው ሳንባ የሚደርሰው በአብዛኛው በሁለት መንገድ ነው። አንደኛው ከሌላ ሰው ነው። ጉንፋን፣ ኢንፍሉዌንዛ፣ ኮቪድ-19፣ ኩፍኝ ወይም የሳንባ ነቀርሳ ያለበት ሰው ሲያስል፣ ሲያስነጥስ ወይም ሲያወራ ከአፉና ከአፍንጫው የሚወጣው እርጥበት ጀርሙን ይዞ በክፍሉ አየር ውስጥ ይቆያል፤ አለዚያም፣ ከነቀርሳ በቀር፣ በአልጋው ብረት፣ በኮመዲኖውና በእጅ ላይ ያርፍና ከዚያ ወደ ዓይን፣ ወደ አፍንጫና ወደ አፍ ይሄዳል። ሁለተኛው መንገድ ከሕመምተኛው ከራሱ አፍ ነው። ተኝቶ የሚውል ሰው ምግቡ፣ ምራቁ ወይም ትውከቱ ትን ሲለው በአፉ ውስጥ የነበሩት ባክቴሪያዎች አብረው ወደ ሳንባው ይወርዳሉ። ሕመምተኛው ከተኛ 48 ሰዓት ካለፈው በኋላ የሚጀምር የሳንባ ምች በሕክምናው ዓይን ከሆስፒታል እንደተያዘ ይቆጠራል፤ ለዚህም ከሁለቱ መንገዶች አንዱ ወይም ሁለቱም ምክንያት ይሆናሉ። እያንዳንዱ እርምጃ የትኛውን መንገድ እንደሚዘጋ ካወቁ በመመሪያው ያልተጠቀሰ ሁኔታ ቢገጥምዎም ምን ማድረግ እንዳለብዎ አይጠፋዎትም።

ይበልጥ መጠበቅ ያለባቸው እነማን ናቸው?

ያለ ጊዜያቸው የተወለዱና ገና አራስ ቤት ያሉ ሕፃናት፣ ከ2 ዓመት በታች የሆኑ ልጆች፣ በምግብ እጥረት ተጎድተው የተኙ ልጆች፣ ነፍሰ ጡሮች፣ ዕድሜያቸው ከ65 ዓመት በላይ የሆኑ አዛውንቶች፣ የስኳር፣ የልብ፣ የኩላሊት ወይም የአስም ሕመም ያለባቸው፣ የካንሰር መድኃኒት የሚወስዱ፣ ኤች አይ ቪ በደማቸው ያለ፣ ቀዶ ሕክምና የተደረገላቸው፣ እንዲሁም በስትሮክ ወይም በስብራት ምክንያት ከአልጋ መውረድ የማይችሉ ሰዎች ናቸው። የእርስዎ ሕመምተኛ ከእነዚህ አንዱ ከሆነ ቀጥሎ ያለውን ሁሉ ሳይቀንሱ ይፈጽሙ።

የሚያስፈልጉ ዕቃዎች

- ሳሙና፣ እንዲሁም ለሕመምተኛው ብቻ የሚያገለግል ፎጣ፣ ኩባያና ማንኪያ።
- ከ60 እስከ 80 በመቶ አልኮል ያለው ሳኒታይዘር። አረቄ ይህን አይተካም፤ የአልኮል መጠኑ ብዙውን ጊዜ ከሚፈለገው በታች ነው።
- አፍና አፍንጫን የሚሸፍን የሕክምና ማስክ፣ ቢያንስ ለጥቂት ቀናት የሚበቃ።
- ጋቢና ብርድ ልብስ፣ የሱፍ ኮፍያ፣ ወፍራም ካልሲ።
- ሁለት ተጨማሪ ትራስ፤ ከሌለ ጥቅልል ተደርጎ የታሰረ ብርድ ልብስ።
- ለስላሳ የጥርስ ብሩሽ ወይም ንጹሕ ጨርቅ።
- ሶፍትና ክዳን ያለው የአክታ ዕቃ።
- 5 በመቶ የሆነ በረኪና፣ 20 ሚሊ ሊትር የሚይዝ መርፌ የሌለው ሲሪንጅ፣ ባልዲ፣ የጽዳት ጓንት።
- አንድ ክንድ የሚያህል ቀጭን ክር። ለምን እንደሚያስፈልግ በ3ኛው እርምጃ ተገልጿል።

አሠራሩ

1. በገቡበት ቀን ለነርሷ ሁሉንም ይንገሩ።

ሕመምተኛው ከመግባቱ በፊት ሳል ነበረው? ሳሉ ከ2 ሳምንት በላይ ቆይቷል? ከቤተሰቡ ውስጥ በነቀርሳ የታከመ ወይም የሚታከም ሰው አለ? የስኳር፣ የኤች አይ ቪ ወይም የሌላ በሽታ መድኃኒት ይወስዳል? ልጅ ከሆነ የክትባት ካርዱ የት ነው? እነዚህን ሳይጠየቁ ቀድመው ይናገሩ። ከ2 ሳምንት የበለጠ ሳል ያለው ሰው የአክታ ምርመራ ሊደረግለት ይገባል፤ ይህ ሳይታወቅ በጋራ ክፍል ቢተኛ በክፍሉ ያሉት ሁሉ ለነቀርሳ ሊጋለጡ ይችላሉ። ሳሉን ደብቆ አልጋ ማግኘት የራስን ሕመምተኛም አይጠቅምም፤ ትክክለኛው ሕክምና ይዘገይበታል።

2. የአልጋውን ቦታ ያስተካክሉ።

በአልጋና በአልጋ መካከል ቢያንስ 1 ሜትር ሊኖር ይገባል፤ ከተቻለ 2 ሜትር ይሻላል። ክፍሉ ጠቦ አልጋ ማራቅ ካልተቻለ ነርሷን አስፈቅደው የሕመምተኛዎን ራስጌ ወደ ጎረቤቱ ግርጌ ያዙሩት። አልጋዎቹ ሳይንቀሳቀሱ በሁለቱ አፎች መካከል ያለው ርቀት ይጨምራል። አስታማሚዎችም ሌሊት ወለል ላይ ሲተኙ ራስ ለራስ ከመግጠም ይልቅ ራስና እግር ሆነው ይተኙ። እርስዎ ከታመሙ ቀጥሎ የሚታመመው የሚያስታምሙት ሰው ነው።

3. መስኮቱን ይክፈቱ፣ ሕመምተኛውን ያልብሱ።

ይህ እርምጃ ብዙ ክርክር ስለሚያስነሳ ዘርዘር አድርጌ እጽፈዋለሁ። ደብረ ብርሃን ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,800 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ያለች ከተማ ናት፤ ከጥቅምት እስከ ጥር ባሉት ወራት ሌሊቱ ውርጭ ነው። ፀሐይ ስታዘቀዝቅ አስታማሚው ሁሉ ተነሥቶ መስኮቱን ይዘጋል፣ የመስኮቱን ስንጥቅ በፌስታልና በጨርቅ ይወትፋል፣ በሩንም ይገጥማል። ከዚያም ሕመምተኞችና አስታማሚዎች እስኪነጋ ድረስ ያንኑ አየር ይተነፍሳሉ። የሳንባ ምች የሚያመጣው ጀርም እንጂ ንጹሕ አየር አይደለም፤ በተዘጋ ክፍል ውስጥ ደግሞ አንድ የሚያስል ሰው የሚያወጣው ጀርም መውጫ አጥቶ እየተጠራቀመ ይሄዳል። የኩፍኝ ቫይረስ ለምሳሌ በሽተኛው ከክፍሉ ከወጣም በኋላ እስከ 2 ሰዓት ድረስ በአየር ውስጥ ሊቆይ ይችላል። የዓለም ጤና ድርጅት በተኝቶ ሕክምና ክፍሎች ለአንድ ሕመምተኛ በሰከንድ 60 ሊትር ንጹሕ አየር እንዲገባ የሚመክረው ለዚህ ነው፤ በመስኮት ብቻ በሚናፈስ ሆስፒታል ይህን ያህል አየር መስኮት ሳይከፈት ሊገኝ አይችልም።

ብርዱ ግን እውነተኛ ችግር ነው፤ ሽማግሌና ሕፃን በብርድ ይጎዳሉ። ስለዚህ ቅደም ተከተሉን ይጠብቁ፦

ሀ. መጀመሪያ ሕመምተኛውን ያልብሱ። ኮፍያ ራሱ ላይ፣ ካልሲ እግሩ ላይ፣ ጋቢ ትከሻና ደረቱ ላይ፣ በዚያ ላይ ብርድ ልብስ ይሁን። ከመንዝ የመጣችሁ በርኖስ ወይም የሱፍ ምንጣፍ ካላችሁ ከፍራሹ ላይ ማንጠፍ ይጠቅማል፤ ቀጭን ፍራሽ ላይ ለተኛ ሰው ብርዱ ከታችም ይመጣልና። ፊቱን ግን አይሸፍኑት።

ለ. አልጋው በቀጥታ ከመስኮቱ ሥር ከሆነና ነፋሱ ፊቱ ላይ የሚያርፍ ከሆነ የታችኛውን መስታወት ትተው የላይኛውን ይክፈቱ። ሞቃትና የታፈነ አየር ወደ ላይ ስለሚወጣ የላይኛው መስታወት ሕመምተኛውን ሳያበርድ ክፍሉን ያናፍሳል።

ሐ. አንድ መስኮት ብቻ መክፈት አይበቃም። አየር የሚመላለሰው መግቢያም መውጫም ሲኖረው ስለሆነ ከመስኮቱ ትይዩ ያለውን ሌላ መስኮት ወይም በር አብረው ይክፈቱ።

መ. አየሩ መንቀሳቀሱን በክር ይፈትሹ። ክሩን ከጫፉ ይዘው በመስኮቱ መክፈቻ ላይ፣ ቀጥሎም በአልጋው አጠገብ ያንጠልጥሉት። ክሩ ቀጥ ብሎ ከወረደ አየር አይንቀሳቀስም፤ ከተወዛወዘ ወዴት እንደሚያዘነብል ይመልከቱ። ከሚያስል ሰው አልጋ ወደ እርስዎ ሕመምተኛ የሚያዘነብል ከሆነ ይህንኑ ለነርሷ አሳይተው ወደ ንጹሕ አየር መግቢያው ቀረብ ያለ አልጋ ይጠይቁ።

ሠ. ቀን ላይ መስኮቱ ክፍት ይዋል። ሌሊት ብርዱ ሲበረታ የላይኛውን ገርበብ አድርገው ይተዉት፤ በየ2 ሰዓቱ ገደማ ደግሞ ትይዩ ያሉትን ሁሉ ከ10 እስከ 15 ደቂቃ ወለል አድርገው ይክፈቱ። ውጭው በጣም ቀዝቃዛ፣ ውስጡ ሞቃት ሲሆን አየሩ የሚለዋወጥበት ፍጥነት ይጨምራል፤ ስለዚህ በደጋ ሌሊት አጭር መክፈትም ብዙ ይሠራል።

የአንድ አስታማሚ ብቻ ሥራ እንዳይሆን ከክፍሉ ሰዎች ጋር ተነጋግረው ተራ ይግቡ። መስኮት የሚከፍተው ሰው ከሌሎቹ ጋር እንዳይጣላ ሰዓቱን ነርሷ ብትወስነው ይቀላል።

በሸዋ ሮቢትና በአጣዬ በኩል መስኮት የሚዘጋው በብርድ ሳይሆን በወባ ትንኝ ምክንያት ነው። በዚያ መፍትሔው አጎበር አልጋው ላይ ዘርግቶ መስኮቱን ክፍት መተው ነው። የአየር ማራገቢያ (ቬንቲሌተር) ካለ ነፋሱን ከሚያስለው ሰው ወደ ሌሎች እንዳይገፋ አቅጣጫውን ወደ መስኮቱ ያዙሩት።

4. ጠያቂን ይቀንሱ፣ አስታማሚን ይምረጡ።

የታመመ መጠየቅ ትልቅ ምግባር ነው፤ ሰው ሁሉ ከሩቅ ቀበሌ ሌሊት ተነሥቶ በአይሱዙና በሚኒባስ የሚመጣውም በፍቅር ነው። ነገር ግን ኢንፍሉዌንዛ የያዘው ሰው ሕመሙ ሳይሰማው ከ1 ቀን በፊት ጀምሮ ማስተላለፍ ይጀምራል፤ ከተሰማው በኋላም ከ5 እስከ 7 ቀን ድረስ ያስተላልፋል። ስለዚህ «ደህና ነኝ» የሚል ጠያቂም ሳያውቀው ይዞ ሊገባ ይችላል፤ ጠያቂው በበዛ ቁጥርም ዕድሉ ይጨምራል። በገናና በጥምቀት ሰሞን፣ ሰው ከየቦታው ተሰብስቦ በሚከርምበት ጊዜ፣ ይህን እርምጃ ይበልጥ ያጥብቁት።

ሁለት ሰዎች ብቻ እየተፈራረቁ እንዲያስታምሙ ይወስኑ። ሁለቱም ሳልና ትኩሳት የሌለባቸው፣ በቤታቸውም በጉንፋን የተኛ ሰው የሌላቸው ይሁኑ። ሕፃናትን ለጥየቃ አያምጡ። ሌላው ዘመድ በስልክ ይጠይቅ፤ ስንቅና ገንዘብ ያመጣ ሰው በግቢው ውስጥ ለአስታማሚው ይስጥ። ታላላቆችን መመለስ እንደሚከብድ አውቃለሁ። እንዲህ ብሎ መናገር ይቻላል፦ «እትዬ፣ እግዜር ይስጥልኝ፣ ይህን ያህል መንገድ ደክመው መጡልን። እናታችን ደህና ናቸው፤ ሐኪሙ ሰው እንዳይበዛባቸው ስላዘዘ ነው፤ ሰላምታዎን አሁኑኑ አደርሳለሁ፤ በስልክም አገናኝዎታለሁ።» ሰው በሐኪም ትእዛዝ ቅር አይሰኝም፤ ትእዛዙም እውነተኛ ነው።

ንስሐ አባት ሊጸልዩ ሲመጡ አስቀድመው ሁኔታውን ያስረዷቸው። ማስክ አድርገው፣ ከአልጋው ራቅ ብለው ሊጸልዩ ይችላሉ። አንድ መስቀል በክፍሉ ያለ ሁሉ በከንፈሩ ከሚሳለመው ግንባር ላይ ቢያስነኩት ከአፍ ወደ አፍ የሚተላለፈውን ያስቀራል።

5. እጅዎን በአምስት ጊዜ ያጽዱ።

ሕመምተኛውን ከመንካትዎ በፊት፣ ከማብላትዎና መድኃኒት ከመስጠትዎ በፊት፣ አክታ፣ ሰገራና ሽንት ከነኩ በኋላ፣ የሌላ ሕመምተኛን ዕቃ ወይም አልጋ ከነኩ በኋላ፣ ከውጭ ሲገቡ። በሳሙናና በውኃ ከሆነ ከ40 እስከ 60 ሰከንድ፣ በሳኒታይዘር ከሆነ እጅዎ እስኪደርቅ ከ20 እስከ 30 ሰከንድ ይሹት፤ አውራ ጣትዎንና የጣቶችዎን ጫፍ አይርሱ፤ አፍና ዓይን የሚነኩት እነርሱ ናቸው። በዓይን የሚታይ ቆሻሻ ካለ ሳኒታይዘር አይሠራም፤ ይታጠቡ። የኢንፍሉዌንዛ ቫይረስ በብረትና በፕላስቲክ ላይ ከ24 እስከ 48 ሰዓት ሊቆይ ስለሚችል፣ የአልጋውን ብረት የያዘ እጅ ሳይጸዳ ወደ ሕመምተኛው አፍ መሄድ የለበትም።

6. ማስክ ያድርጉ፣ በትክክልም ያድርጉት።

ማስኩ አፍንጫንና አገጭን ይሸፍን፤ የአፍንጫውን ሽቦ ተጭነው ያስተካክሉት። አገጭ ላይ የወረደ ማስክ ምንም አይከላከልም፤ ሲመልሱት ደግሞ በእጅዎ የነበረውን ወደ አፍዎ ያስጠጋዋል። ሲርስ ወይም ሲቆሽሽ ይቀይሩት፤ ሲያወልቁም ማሰሪያውን ይዘው እንጂ ፊቱን ነክተው አይሁን። ነጠላ ወይም ሻሽ አፍ ላይ መያዝ ማስክን አይተካም።

የነቀርሳ ሕመምተኛ የሚያስታምሙ ከሆነ ሕመምተኛው የሚያደርገው ተራውን የሕክምና ማስክ ነው፤ የእርሱ ማስክ ጀርሙ እንዳይወጣ ለማገድ ነውና። ወደ እርሱ የሚገባ ሰው ግን ኤን-95 የተባለው ማስክ ያስፈልገዋል፤ አጠቃቀሙን ነርሷ ታሳይዎታለች።

7. ቀና አድርገው ያብሉ፣ አፉን ያጽዱ።

ሰው በጥንቃቄ ማስክ አድርጎ፣ እጁን ታጥቦ፣ በጀርባው ለተኛ ሕመምተኛ ጉርሻ ሲያጎርስ አያለሁ። ጉርሻው ትልቅ ነው፤ የተኛው ሰው አንገቱ ወደ ኋላ ወድቋል፤ አንዱን ሳይውጥ ሁለተኛው ይደርስበታል፤ ሳል ሲጀምረው ውኃ ይሰጠዋል። ይህ ሁሉ በፍቅር የሚደረግ ነው፤ ግን ምግቡን ወደ ሳንባ የሚልክ አበላል ነው።

ትክክለኛው አሠራር የሚከተለው ነው። የአልጋው ራስጌ የሚነሣ ከሆነ ያንሡት፤ ካልሆነ ትራሶቹን ከትከሻው ጀምረው ይደርድሩ። ራሱ ሥር ብቻ ትራስ መከመር አንገቱን ያጥፈዋል እንጂ ደረቱን አያነሣም። ሕመምተኛው ሐኪሙ ካልከለከለው በቀር ሁልጊዜ ከ30 እስከ 45 ዲግሪ ቀና ብሎ ይተኛ፤ ሲበላ ደግሞ በተቻለ መጠን ቀጥ ብሎ ይቀመጥ። ሙሉ በሙሉ ነቅቶ ካልሆነ አያብሉት፤ እንቅልፍ የተጫነው ሰው ዋጥ ማድረግ ይረሳል። ጉርሻው ትንሽ ይሁን፤ አንገቱን ወደ ፊት ዘንበል ያድርግ፤ አንዱ መዋጡን ጉሮሮው ሲንቀሳቀስ ካዩ በኋላ ሌላውን ያጉርሱት። ከበላ በኋላ ቢያንስ ለ30 ደቂቃ ቀና ብሎ ይቆይ።

ስትሮክ ለመታው ሰው የመዋጥ ችሎታው በባለሙያ ሳይፈተሽ ምንም ነገር በአፉ አይስጡ፤ ውኃም፣ ጠበልም ቢሆን። ቀጭን ፈሳሽ ከወፍራሙ ይበልጥ ትን ይላል፤ ስለዚህ ከተፈቀደለት በኋላም ወፈር ያለ አጥሚት ከውኃ ይልቅ ለብዙዎቹ ይቀላል። እየበላ ሳለ ድምፁ ጉሮሮው ውስጥ ውኃ እንደቋጠረ ሰው ከተለወጠ ማብላቱን ያቁሙና ነርሷን ይጥሩ።

አፉን በቀን ቢያንስ 2 ጊዜ ያጽዱ። መፋቅ የሚችል በመፋቂያው ይፋቅ፤ የማይችለውን በለስላሳ ብሩሽ ወይም በጣትዎ ላይ በተጠቀለለ እርጥብ ጨርቅ ጥርሱን፣ ድዱንና ምላሱን ያጽዱለት። ምንም የማይበላ፣ በቱቦ የሚመገብ ሰውም አፉ መጽዳት አለበት፤ አፉ ካልጸዳ ባክቴሪያው ይበዛል፣ ምራቁም ይዞት ይወርዳል። ሰው ሠራሽ ጥርስ ካለ ሌሊት አውልቀው ያጽዱት።

8. እንዲተነፍስ፣ እንዲያስል፣ እንዲነሣ ያድርጉ።

ከቀዶ ሕክምና በኋላ ሰው ቁስሉን ፈርቶ በአጭሩ ይተነፍሳል፤ ያን ጊዜ የሳንባው የታችኛው ክፍል አየር ያጣና አክታ ይጠራቀምበታል። ነቅቶ ባለበት ጊዜ በየሰዓቱ 10 ጊዜ ያህል በአፍንጫው በረጅሙ ስቦ፣ ጥቂት ይዞ፣ በአፉ ቀስ ብሎ ያስወጣ። የሆድ ቀዶ ሕክምና ከሆነ ትራስ ቁስሉ ላይ አቅፎ ይሳል፤ አክታውን አይዋጥ፣ ክዳን ባለው ዕቃ ይትፋ። ሐኪሙ ከፈቀደ ቀድሞ ከአልጋ መውረድና ጥቂት መራመድ ከሁሉ ይበልጣል። ሕመሙ እንዳያስል የሚያግደው ከሆነ ማስታገሻ እንዲሰጠው ይጠይቁ፤ «ይቻለው» ብሎ መተው አክታውን ማስቀረት ነው።

9. የሚነኩትን ነገሮች ያጽዱ።

የሆስፒታሉ ጽዳት ሠራተኞች ወለሉንና ክፍሉን ያጸዳሉ፤ እርስዎ ኮመዲኖውን፣ የአልጋውን ብረት፣ የስልክዎን ሽፋንና የበር እጀታውን ይጨምሩ። ስልኩን በአልኮል ጠርገው ለቀሩት በረኪና ይጠቀሙ። በ5 በመቶ በረኪና 0.1 በመቶ የሆነ ድብልቅ ለመሥራት ለ1 ሊትር 20 ሚሊ ሊትር በረኪና በ980 ሚሊ ሊትር ውኃ ነው፤ በባለ 5 ሊትር ባልዲ ከሆነ 100 ሚሊ ሊትር፣ ማለትም 5 ሲሪንጅ በረኪና ጨምረው እስከ 5 ሊትር በውኃ ይሙሉት። መጀመሪያ በሳሙና ጠርገው ቆሻሻውን ያስወግዱ፤ ቆሻሻ ላይ የፈሰሰ በረኪና ኃይሉን ያጣል። ከዚያ ድብልቁን ቀብተው 10 ደቂቃ ያቆዩት። ድብልቁ እያደር ስለሚደክም በየቀኑ አዲስ ያዘጋጁ።

ለአራስ ሕፃናትና ለእናቶቻቸው

«እንኳን ማርያም ማረችሽ» ለማለት የሚመጣው ወዳጅ ሕፃኑን ማቀፍና መሳም ይፈልጋል። ያለ ጊዜው ለተወለደ ሕፃን ግን የአዋቂ ቀላል ጉንፋን ከባድ የሳንባ በሽታ ሊሆንበት ይችላል። ሕፃኑን ከእናቱና ከአንድ ረዳት በቀር ማንም አይቀፈው፤ ገንፎውም እናቲቱ ቤቷ ስትገባ ይደርሳል። እናቲቱ ራሷ ጉንፋን ቢይዛት ጡት ማጥባቷን አታቁም፤ በወተቷ የሚያልፈው መከላከያ ለሕፃኑ ያስፈልገዋል። እጇን ታጥባ፣ ማስክ አድርጋ ጡቷን ትስጠው፣ ትቀፈውም። ገላ ለገላ ማቀፍ ለእንዲህ ያለው ሕፃን ከማንኛውም ብርድ ልብስ ይበልጣል።

ማስጠንቀቂያ

- ኦክስጅን ባለበት ክፍል ሻማ፣ ከሰል፣ ዕጣን፣ ክብሪትና ሲጋራ ፈጽሞ አይፈቀድም። ኦክስጅን እሳትን በቅጽበት ያስፋፋል። ኦክስጅን በሌለበትም ክፍል ቢሆን የቡና ከሰል ጭሱ ሳንባን ያስቆጣል፤ በተዘጋ ክፍል ውስጥ የሚወጣው መርዛማ ጋዝ ደግሞ ይገድላል።
- ለመተንፈስ ለሚቸገር፣ ራሱን ለሳተ፣ ማስኩን ራሱ ማውለቅ ለማይችል ሕመምተኛ፣ እንዲሁም ለትንንሽ ሕፃናት ማስክ አያድርጉ።
- የኦክስጅኑን መጠን አይጨምሩ፣ አይቀንሱ። ኦክስጅኑ በሚያልፍበት የውኃ መያዣ ውስጥ የቧንቧ ውኃ አይጨምሩ። የአንዱን ሕመምተኛ የኦክስጅን ቱቦ ወይም መድኃኒት በጭስ መልክ የሚሰጥበትን (የኔቡላይዘር) ማስክ ለሌላው አያውሱ።
- በረኪናን ከአሲድ፣ ከሎሚ፣ ከኮምጣጤ ወይም ከሌላ የጽዳት ፈሳሽ ጋር አይቀላቅሉ፤ ሳንባ የሚያቃጥል ጋዝ ይወጣዋል። በሚጠጣ ውኃ ጠርሙስ አያስቀምጡት።
- ለሕፃን ቅቤ በአፉ አይስጡ፤ በአፍንጫው ዘይት፣ ፌጦ ወይም ዳማከሴ አይጨምሩ። ቅባቱ ወደ ሳንባ ወርዶ የማይለቅ የሳንባ ቁጣ ያመጣል።

አዘውትረው የሚታዩ ስህተቶች

ጓንት አድርጎ መዋል ከሁሉ የከፋው ነው። አስታማሚው እጁ የተጠበቀ መስሎት በአንድ ጓንት አክታ ያነሣል፣ በር ይከፍታል፣ ያበላል፤ ጓንቱ እርሱን ጠብቆ ሕመምተኛውን ያጋልጣል። ጓንት የሚያስፈልገው አክታ፣ ደምና ሰገራ ሲነኩ ብቻ ነው፤ ወዲያው ወልቆ እጅ ይታጠባል።

ሌላው ስህተት ከቤት የተረፈ አሞክሲሲሊን «ለመከላከል» ብሎ መስጠት ነው። የሚተላለፈው ጉንፋን በአብዛኛው ቫይረስ ነውና መድኃኒቱ አይነካውም፤ በኋላ የሳንባ ምች ቢመጣ ግን ባክቴሪያው መድኃኒቱን ተላምዶ ሊጠብቅ ይችላል። በተጨማሪም አስታማሚው ራሱ ሲያተኩሰው ማስክ አጥብቆ መቀጠል ይመርጣል፤ ትክክሉ ወዲያው በሌላ ሰው መተካት ነው። አንድ አልጋ ላይ ከሕመምተኛው ጋር ተኝቶ ማደርም እንዲሁ መቅረት አለበት።

ነርሷን ወዲያው የሚጠሩባቸው ምልክቶች

አዲስ ሳል ወይም ትኩሳት፣ ቀለሙ የተለወጠ ወይም ደም የቀላቀለ አክታ፣ የደረት ውጋት፣ የከንፈር መጥቆር፣ በድንገት የመጣ መቃዠት ወይም መፍዘዝ። በአዛውንቶች ላይ ትኩሳት ላይኖር ይችላል፤ ትላንት ያወራ የነበረ ሰው ዛሬ ዝም ካለ ይህ ብቻ በቂ ምልክት ነው። አዋቂ በደቂቃ 30 ጊዜና ከዚያ በላይ ሲተነፍስ አደጋ ነው።

ለልጆች ትንፋሻቸውን አንድ ሙሉ ደቂቃ፣ ሳያለቅሱና ሳይጠቡ፣ ሆዳቸውን እያዩ ይቁጠሩ። ከ2 ወር በታች ለሆነ 60 እና ከዚያ በላይ፣ ከ2 ወር እስከ 1 ዓመት 50 እና ከዚያ በላይ፣ ከ1 እስከ 5 ዓመት 40 እና ከዚያ በላይ ከሆነ ፈጣን ነው። ሲተነፍስ የደረቱ የታችኛው ክፍል ወደ ውስጥ የሚሰረጎድ ከሆነ፣ የሚያቃስት ከሆነ ወይም መጥባት ካቆመ ቁጥሩን ሳይጨርሱ ይጥሩ።

ሌሊት ከሆነ የጠዋቱን የሐኪም ዙር አይጠብቁ። ሲጠሩም ሦስት ነገር ይዘው ይሂዱ፦ ምልክቱ የጀመረበትን ሰዓት፣ ሕመምተኛው መጨረሻ ምን እንደበላና ትን ብሎት እንደነበር፣ በእነዚያ ቀናት ያሳለ ሰው ከአጠገቡ እንደነበረ። ሐኪሙ መድኃኒቱን የሚመርጠውና ሕመምተኛው ለብቻው ይተኛ አይተኛ የሚወስነው በእነዚህ መልሶች ላይ ተመሥርቶ ነው።